ከተክል የተገኙ ውህዶችና የአንጎል ካንሰር፦ መድኃኒቱ የት ድረስ ይደርሳል?

በላብራቶሪ ሳህን ላይ ያለ የግሊዮብላስቶማ (የአደገኛው የአንጎል ካንሰር) ሴል መግደል ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ይገድለዋል፤ የወይን ልጣጭ ውስጥ ያለው ሬስቬራትሮል ይገድለዋል፤ የአረንጓዴ ሻይ ካቴኪኖችም እንዲሁ። ለነገሩ መጠኑ ከበዛ የገበታ ጨውም ይገድለዋል። ስለዚህ «ይህ ተክል የአንጎል ካንሰርን ገደለ» የሚል ዜና ሲወጣ ከተክሉ ስም በፊት ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። በስንት ማይክሮሞላር (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የሞለኪውል ብዛት መለኪያ) ነው የገደለው? ያ መጠንስ በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ፣ ያውም ዕጢው ባለበት ቦታ፣ ይገኛል ወይ? ብዙ ጽሑፎች የመጀመሪያውን በሠንጠረዥ አሳምረው ያስቀምጡና ሁለተኛውን ሳያነሱ ያልፋሉ።

ይህን የምለው ተክልን ለማጣጣል አይደለም። ቪንክሪስቲን፣ ፓክሊታክሰል፣ ቶፖቴካን፣ አይሪኖቴካን፣ ኢቶፖሳይድ፦ የካንሰር ክፍል ነርስ ሁሉ የሚያውቃቸው እነዚህ መድኃኒቶች ምንጫቸው ተክል ነው። መድኃኒት ለመሆን የበቁት ግን ለሰውነት የሚስማሙ ስለሆኑ አይደለም። ኃይለኛ መርዞች ናቸው፤ ሰው መጠናቸውን፣ የሚሰጡበትን መንገድና ጊዜ ለክቶ ገራቸው። «ከተክል ነውና አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ቪንክሪስቲንን አንድ ጊዜ ያዘጋጀ ፋርማሲስት ፊት አይነገርም።

የአንጎል ካንሰር ስል በዚህ ጽሑፍ በዋናነት ግሊዮብላስቶማን ነው። በአዋቂዎች አንጎል ውስጥ ከሚነሱት አደገኛ ዕጢዎች በብዛት የሚታየው እሱ ነው፤ ደረጃውም የመጨረሻው፣ 4ኛ ነው። መደበኛ ሕክምናው ከ2005 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መሠረቱ አልተለወጠም። ቀዶ ሐኪሙ ሌላ ጉዳት ሳያደርስ የሚችለውን ያህል ዕጢ ያወጣል። ከዚያ በ6 ሳምንት ውስጥ በ30 ጊዜ ተከፋፍሎ 60 ግሬይ ጨረር ይሰጣል፤ ጨረሩ እስኪያልቅ በየቀኑ በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 75 ሚሊግራም ቴሞዞሎሚድ ይዋጣል። ከእረፍት በኋላ ደግሞ በየ28 ቀኑ ለ5 ቀን ከ150 እስከ 200 ሚሊግራም፣ በድምሩ 6 ዙር ይቀጥላል። ይህን ሕክምና ያቋቋመው ጥናት 573 ሕሙማን ነበሩት፤ በጨረር ብቻ 12.1 ወር የነበረው መካከለኛ የመኖር ጊዜ 14.6 ወር ሆነ። ሁለት ዓመት የኖሩት ከ10.4 በመቶ ወደ 26.5 በመቶ ከፍ አሉ። ለጤነኛ ሰው ሁለት ወር ተኩል ምንም ሊመስል ይችላል፤ በዚህ በሽታ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር ይዞ መምጣት ከባድ መሆኑን ከዚያ ወዲህ የከሸፉት ሙከራዎች አሳይተዋል። ቴሞዞሎሚድ ከተክል የመጣ አይደለም፤ ሰው ሠራሽ ነው። ትንሽ ሞለኪውል ነው፣ 194 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ)፤ ወደ አንጎል የመግባቱ ምስጢርም በከፊል እዚሁ ላይ ነው።

የአንጎል የደም ሥሮች ከሌላው የሰውነት ክፍል ይለያሉ። የካፒላሪውን (የቀጭኑን የደም ሥር) ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑት ሴሎች እርስ በርስ ጥብቅ ብለው ስለተያያዙ በመካከላቸው የሚያሾልክ ክፍተት የለም። ማለፍ የፈለገ ሞለኪውል ራሱን ሴሉን አቋርጦ መግባት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ክብደቱ ከ400 እስከ 500 ዳልተን ያልዘለለና ስብ ውስጥ የሚሟሟ ቢሆን ይመረጣል። ይህን አሟልቶ ቢገባም አላበቃም፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲንና ቢሲአርፒ የሚባሉት የሴል ፓምፖች የገባውን መልሰው ወደ ደም ይተፉታል። የእነዚህ ፓምፖች የዘወትር ሥራ ከምግብ ጋር የሚገቡ መርዞችን ማስወጣት ነው። እንግዲህ ከተክል የመጡ ብዙ መድኃኒቶች በር ላይ የሚመለሱት ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል፤ ግድግዳው የተሠራው ለእነሱው ነው።

«ዕጢው ግድግዳውን ያፈርሰው የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ያፈርሳል፤ ግን መሃል ላይ ብቻ። በኤምአርአይ ላይ ማቅለሚያው ሲሰጥ ነጭ ሆኖ የሚያበራው ክፍል ግድግዳው የተበሳበት ነው፤ ያንን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ያወጣዋል። ከዚያ አልፈው ጤናማ በሚመስለው አንጎል ውስጥ የተሰገሰጉት ሴሎች ያሉት ግድግዳው ባልተነካበት ቦታ ነው። በሽታው ሲመለስም አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቦታ በ2 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ውስጥ የሚነሳው ከእነሱ ነው። ስለዚህ «ዕጢው ውስጥ መድኃኒቱ ተገኝቷል» የሚል ውጤት ስታነቡ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ተመልከቱ። ከሚያበራው መሃል የተወሰደ ቁራጭ ለአምራቹ ጥሩ ዜና ነው፤ ለታማሚው ግን ገና ምንም አልተናገረም።

ቪንክሪስቲንን እንይ። ከማዳጋስካር ፔሪዊንክል፣ ሮዝ አበባ ከሚያወጣው ከዚያ ተክል ነው የሚገኘው። ቅጠሉ በባህል ለስኳር በሽታ ይጠጣ ስለነበር በ1950ዎቹ በካናዳ ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር መረመሩት። ስኳርን አልቀነሰም፤ የአይጦቹን ነጭ የደም ሴል ግን አረገፈው። ከዚያ ቪንብላስቲን፣ ቀጥሎም ቪንክሪስቲን ወጣ፤ ቪንክሪስቲን በአሜሪካ በ1963 ተፈቀደ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ ለ1 ግራም ቪንክሪስቲን ከ2,000 ኪሎ በላይ ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል። ቅጠሉን እቤት አፍልቶ መድኃኒቱን ያገኘ ለሚመስለው ሰው ከዚህ ቁጥር የተሻለ መልስ አላውቅም፤ እዚያ መጠን ላይ ከመድረሱ በፊት የተክሉ ሌሎች አልካሎይዶች ይጎዱታል።

ይህ መድኃኒት ለአንጎል ዕጢ ሲሰጥ ኖሯል፤ ዛሬም ይሰጣል። ፒሲቪ የሚባለው ጥምር ሕክምና ሎሙስቲን በ1ኛው ቀን፣ ፕሮካርባዚን ከ8ኛው እስከ 21ኛው ቀን፣ ቪንክሪስቲን በ8ኛውና በ29ኛው ቀን ነው። የቪንክሪስቲኑ መጠን በካሬ ሜትር 1.4 ሚሊግራም ሲሆን በአብዛኛው አሠራር በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊግራም አያልፍም። 251 ሕሙማን የተካተቱበት የ2ኛ ደረጃ ግሊዮማ (ግሊዮብላስቶማም የሚመደብበት የአንጎል ዕጢ ቤተሰብ) ጥናት ከጨረር በኋላ ፒሲቪ የወሰዱት መካከለኛ የመኖር ጊዜያቸው 13.3 ዓመት፣ ጨረር ብቻ ያገኙት 7.8 ዓመት እንደሆነ አሳየ። ድንቅ ውጤት ነው። ጉዱ ያለው ወዲህ ነው፦ ቪንክሪስቲን 825 ዳልተን ይመዝናል፣ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ይተፋዋል፣ ያልተነካውን ግድግዳ የሚያልፈው በጣም በጥቂቱ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሎሙስቲንና ፕሮካርባዚን ናቸው ብለው ቪንክሪስቲኑን የሚተዉ የአንጎል ካንሰር ሐኪሞች ያሉት ለዚህ ነው፤ እኔም ወደ እነሱ አዘነብላለሁ። ታማሚው በበኩሉ የእግር ጣት መደንዘዝ፣ የአንጀት ድርቀትና የመንጋጋ ሕመም ይከፍላል። በልጆች የዝቅተኛ ደረጃ ግሊዮማ ከካርቦፕላቲን ጋር ሲሰጥ ግን ቦታውን እንደያዘ ነው።

ግድግዳውን ለመዝለል ብሎ ቪንክሪስቲንን በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ መስጠት የማይታሰብ ነው። በስህተት የተሰጠባቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ በሲሪንጅ ሳይሆን በትንሽ ከረጢት ተበጥብጦ በደም ሥር ብቻ እንዲሰጥ የመከረው ለዚህ ነው፤ ከረጢት ይዞ ወደ አከርካሪ መርፌ የሚሄድ ባለሙያ አይኖርምና።

ፓክሊታክሰል ሌላው ምሳሌ ነው። በ1962 ከፓስፊክ ዩው ዛፍ ቅርፊት በተወሰደ ናሙና ተጀመረ፤ ኬሚስቶቹ ዎልና ዋኒ በ1971 መዋቅሩን አሳወቁ፤ በ1979 ሱዛን ሆርዊትስ የሴሉን ማይክሮቱቡል (ለክፍፍል የሚያስፈልጉትን ጥቃቅን ቱቦዎች) አጠንክሮ በመያዝ ክፍፍልን እንደሚያስቆም አሳየች፤ በ1992 ተፈቀደ። በሳህን ላይ የግሊዮማ ሴልን እጅግ በትንሽ መጠን ይገድላል። በአንጎል ግን ያው ታሪክ ነው፦ 854 ዳልተን፣ የፓምፑ ተወዳጅ። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሞለኪውሉን ትተው ግድግዳውን ወደ መክፈቱ ዞሩ።

አሠራሩን በቅርበት ላሳያችሁ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ዕጢው ከወጣ በኋላ ዘጠኝ የአልትራሳውንድ አመንጪዎች ያሉበት መሣሪያ ከራስ ቅሉ የተነሳውን አጥንት ተክቶ ይቀመጣል፤ ከላይ በቆዳ ይሸፈናል። ሕክምናው ሲደርስ በቆዳው በኩል በመርፌ ከውጭ መቆጣጠሪያ ጋር ይገናኛል፤ በደም ሥር ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ይሰጣሉ። ድምፁ አረፋዎቹን ያርገበግባቸዋል፤ አረፋዎቹ የካፒላሪውን መጋጠሚያ ለጊዜው ያላሉታል። መድኃኒቱ በዚያው ጊዜ ይፈስሳል። በ2023 በወጣው የ17 ሕሙማን የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ በአልቡሚን የታሰረ ፓክሊታክሰል በአንጎል ሥጋ ውስጥ ያለው መጠን ከ0.037 ወደ 0.139 ማይክሮሞላር፣ ማለትም 3.7 እጥፍ አደገ። መጠኑ ደረጃ በደረጃ በካሬ ሜትር እስከ 260 ሚሊግራም ተሰጥቶ ሊቋቋሙት ቻሉ። የተከፈተው ግድግዳ በአብዛኛው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ስለሚዘጋ መድኃኒቱ ከዘገየ ልፋቱ ከንቱ ነው። በአልቡሚን የታሰረውን የመረጡትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተለመደው ፓክሊታክሰል የሚሟሟበት ዘይታማ ፈሳሽ ራሱ አለርጂና የነርቭ ጉዳት ያመጣል፣ ያንን ደግሞ በተከፈተ ግድግዳ ወደ አንጎል መጋበዝ አይገባም። የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ ደህንነትን እንጂ ዕድሜን አይለካም፤ ውጤቱን ከዚያ በላይ መጎተት የለብንም።

ካምፕቶቴሲን ደግሞ በቻይና ከሚበቅል ዛፍ የመጣ ነው፤ በ1966 እነዚያው ዎልና ዋኒ አሳወቁት። የመጀመሪያው ስህተት የተሠራው እንዲሟሟ ተብሎ ወደ ሶዲየም ጨው ሲለወጥ ነው። የሞለኪውሉ ኃይል ያለው ላክቶን በሚባለው ቀለበት ላይ ነው፤ ጨው ሲሆን ቀለበቱ ይከፈታል፣ ኃይሉም ይጠፋል። ከዚያም አሲዳማ በሆነው ሽንት ውስጥ ቀለበቱ መልሶ ይዘጋና ፊኛን ያደማል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ሙከራዎች በዚህ የተነሳ ቆሙ። ቶፖቴካንና አይሪኖቴካን የተወለዱት ይህን ችግር ለመፍታት በተደረገ የኬሚስትሪ ሥራ ነው።

ቶፖቴካንን በቀጥታ ወደ ዕጢው ማፍሰስም ተሞክሯል። በ2022 የወጣ ሙከራ በ5 ሕሙማን ላይ ከቆዳ ሥር የተቀበረ ፓምፕና አንጎል ውስጥ የገባ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ተጠቀመ። ፈሳሹ በዝግታ፣ በግፊት፣ ለ48 ሰዓት ይገባል፤ ይህ እስከ አራት ጊዜ ይደገማል። የት እንደደረሰ በኤምአርአይ እንዲታይ ጋዶሊኒየም ይቀላቀልበታል። የዚህ ዘዴ ጠላት ፍጥነት ነው፤ ግፊቱ ከበዛ ፈሳሹ በካቴተሩ ጎን ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወይም ወደ አንጎል ክፍተቶች አምልጦ ይሄዳል፤ ዕጢው ደረቅ ይቀራል። የጥናቱ ትልቁ ጥቅም ዕጢው ከሕክምናው በፊትና በኋላ በናሙና መመርመሩ ነው፤ የሚከፋፈሉት የዕጢ ሴሎች ቀንሰው ተገኝተዋል። አምስት ሰው አምስት ሰው ነው፤ ቢሆንም ከብዙ መቶ የሳህን ሙከራዎች ይልቅ ይህ ይመዝንብኛል።

በአፍንጫ በኩልስ? ፔሪሊል አልኮሆል በላቬንደርና በመሰሎቹ ዘይት ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ሞለኪውል ነው፣ 152 ዳልተን። በአፍ ሲሰጥ የሚፈለገው መጠን ጨጓራንና አንጀትን ስላወከ ተተወ። ከዚያ የብራዚል ሐኪሞች በአፍንጫ እንዲተነፈስ አደረጉት፤ በማሽተቻና በትራይጀሚናል ነርቮች በኩል ግድግዳውን ዞሮ እንዲገባ ታስቦ ነው። በአሜሪካ የተጣራውን ዓይነት በሽታው የተመለሰባቸው 12 የግሊዮብላስቶማ ሕሙማን በማስክና በኔቡላይዘር፣ በቀን 4 ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ከ96 እስከ 288 ሚሊግራም ወስደው መካከለኛ የመኖር ጊዜያቸው 15 ወር ሆነ። አወዳዳሪ ቡድን የለውም፤ አንዳንዶቹም አይዲኤች የሚባለው ጂን የተለወጠባቸው፣ በተፈጥሮው የተሻለ ዕድል ያላቸው ነበሩ። ተስፋ አለው ብዬ ባስብም፣ የገበያ ላቬንደር ዘይት አፍንጫ ውስጥ መጨመር ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ዘይት ወደ ሳንባ ሲወርድ የሚያመጣው የሳንባ ምች የታወቀ ነው።

አሁን ወደ እርድ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለሱ ነውና። የእርድ ዱቄት በክብደቱ 3 በመቶ ገደማ ኩርኩሚን ነው፤ 3 ግራም የምትይዝ የሻይ ማንኪያ 90 ሚሊግራም ገደማ ትሰጣለች። ከዚያ አብዛኛው ሳይመጠጥ ይወጣል፤ የተመጠጠውን ጉበት ወዲያው ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አስሮ ያስወግደዋል። የደም ፒኤች በሆነ ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ኩርኩሚን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። 13 የግሊዮብላስቶማ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በፊት ለ4 ቀን መመጠጡ የተሻሻለ ኩርኩሚኖይድ፣ 70 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ወስደው የወጣው ዕጢ ተለካ። አማካዩ በሚሊግራም ሥጋ 56 ፒኮግራም ነበር።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሚሊግራም 56 ፒኮግራም ማለት በኪሎግራም 56 ማይክሮግራም ነው። ኪሎውን እንደ ሊትር ወስደን በኩርኩሚን ሞለኪውላዊ ክብደት በ368 ብናካፍለው 0.15 ማይክሮሞላር ይሆናል። በሳህን ላይ የግሊዮማ ሴልን ለመግደል የሚጠቀሙት መጠን በአብዛኛው ከ10 እስከ 50 ማይክሮሞላር ነው። 20ን ብንወስድ ልዩነቱ ከ130 እጥፍ በላይ ነው። ይህም ዕጢው ውስጥ እንጂ ዙሪያው ባለው አንጎል አይደለም፤ በሻይ ማንኪያ እርድም አይደለም፣ በተሻሻለ ካፕሱል ነው። ይህን ስሌት በማንኛውም ውህድ ላይ መሥራት ትችላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ሦስት ቁጥር ነው፦ ሴሉን የገደለው መጠን፣ በሥጋ ውስጥ የተለካው መጠንና ሞለኪውላዊ ክብደቱ። ሁለተኛው ቁጥር ጨርሶ ካልተገኘ መልሱን አግኝታችኋል።

ኩርኩሚን ሌላም ጣጣ አለው። በ2017 የመድኃኒት ኬሚስቶች ቡድን ከ120 በላይ የሰው ሙከራዎች ተደርገውበት በፕላሲቦ (መድኃኒት በሌለበት ማስመሰያ) ተወዳድሮና በድርብ ሽፋን፣ ማለትም ታማሚውም ሐኪሙም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ፣ ተፈትኖ ያሸነፈ አንድም እንደሌለ ጻፈ። ምክንያቱንም አስረዳ፤ ሞለኪውሉ ከብዙ ፕሮቲኖች ጋር ያለ ልዩነት ይጣበቃል፣ ራሱ ያበራል፣ ስለዚህ የላብራቶሪ መለኪያዎችን ያታልላል። ይህ የእርድ ብቻ ችግር አይደለም። ሴል መሞት አለመሞቱን ለማወቅ የሚጠቀሙበት ኤምቲቲ የሚባለው ቢጫ ማቅለሚያ ሕያው ሴል ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፤ ብዙ የተክል ፖሊፊኖሎች ግን ሴል በሌለበትም ይለውጡታል። በተቃራኒው ደግሞ የአረንጓዴ ሻዩ ካቴኪን ኢጂሲጂ በማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ ኦክስጅን አግኝቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጥራል፤ ሴሉን የገደለው ፐርኦክሳይዱ ሆኖ ሳለ ሻዩ ይመሰገናል። ጥሩ ጽሑፍ ሴል የሌለበትን የሳህኑን ጉድጓድ ለይቶ ይለካል፣ ፐርኦክሳይድን የሚያፈርስ ካታሌዝ ጨምሮም ይደግመዋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች በዘዴው ክፍል ካጣኋቸው ንባቤን እዚያው አቆማለሁ።

የሴሉ ማንነትም መጠየቅ አለበት። በዚህ መስክ በብዛት የሚሠራበት ዩ-87 የተባለው የሴል መስመር (በላብራቶሪ እየተባዛ የሚኖር የሴል ዘር) በ1960ዎቹ በስዊድን ኡፕሳላ የተቋቋመ ነው። በ2016 ግን በዓለም ዙሪያ የሚሰራጨው ዩ-87 ከመጀመሪያው ታማሚ ዕጢ ጋር በዘረመል እንደማይገናኝ ታወቀ። ግሊዮብላስቶማ ሳይሆን አይቀርም፣ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ከዚህ የከፋው ባሕርዩ ነው፤ አይጥ አንጎል ውስጥ ሲተከል ድቡልቡል ሆኖ ያድጋል እንጂ እንደ ሰው ዕጢ አይሰገሰግም፣ የደም ሥሮቹም ያፈሳሉ። ዕጢው የተተከለው በአይጧ ጎን ቆዳ ሥር ከሆነ ደግሞ ግድግዳ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም።

ስለ ካናቢስ ጠንቀቅ ብዬ ልናገር፤ ቁጥሩ ሰው ያሳስታል። ቲኤችሲና ሲቢዲ የተባሉትን የካናቢስ ውህዶች በእኩል ገደማ የያዘ የአፍ ስፕሬይ ከቴሞዞሎሚድ ጋር ተሰጥቶ በ2021 በወጣው ሙከራ ከ12 ሰዎች 83 በመቶው፣ ከ9ኙ የፕላሲቦ ሰዎች ደግሞ 44 በመቶው አንድ ዓመት ኖሩ። ማስታወቂያዎቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። በስድስት ወር ዕጢው ያላደገባቸው ግን በሁለቱም ወገን 33 በመቶ ናቸው። በ21 ሰው ሁለት ሦስቱ ወዲህና ወዲያ ቢሉ መቶኛው ይገለበጣል። ትልቅ ሙከራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሲቢዲ ክሎባዛም የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ሰውነት ከክሎባዛም የሚሠራውን ንቁ ውህድ በደም ውስጥ ከፍ አድርጎ ከባድ ድብታ እንደሚያመጣ ግን እርግጥ ነው።

በሰው ላይ በፕላሲቦ ተወዳድሮ ውጤት ያሳየ አንድ ነገር ቢኖር የሕንዱ የዕጣን ዛፍ ሙጫ ነው። በ2011 በወጣ ጥናት 44 የአንጎል ዕጢ ሕሙማን በጨረር ጊዜ በቀን 4,200 ሚሊግራም የሙጫውን ጭማቂ ወይም ፕላሲቦ ወሰዱ። የአንጎል እብጠታቸው ከ75 በመቶ በላይ የቀነሰው ከሙጫው ወገን 60 በመቶ፣ ከፕላሲቦው 26 በመቶ ናቸው። ልብ በሉ፣ የቀነሰው እብጠቱ እንጂ ዕጢው አይደለም፤ ዕድሜም አላራዘመም። ቢሆንም እብጠት ራስ ምታትና ድካም ያመጣል፤ ለሱ የሚሰጠው ዴክሳሜታሰን ስኳር ያንራል፣ ጡንቻ ያመነምናል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የሙጫው አሲዶች በባዶ ሆድ በደንብ አይመጠጡም፤ ስብ ካለው ምግብ ጋር ነው መወሰድ ያለባቸው። በዕጣን ጭስ የሚገኝ ጥቅም አይደለም። ይህን አንብቦ ዴክሳሜታሰንን በራሱ ፈቃድ በድንገት የሚያቋርጥ ሰው እብጠቱ ተመልሶበት፣ አድሬናል የሚባለው ከኩላሊት በላይ ያለው ሆርሞን አመንጪም ተኝቶ ሳለ፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። መቀነስ ካለበት በሐኪም እጅ፣ በደረጃ ነው።

ታማሚዎች ከእነዚህ ነገሮች አንዱን አስቀድመው ጀምረው ወደ ሐኪም እንደሚመጡ የታወቀ ነው፤ ብዙዎቹም አይናገሩም። ስለዚህ የትኛው ከምን ጋር እንደሚጋጭ ማወቁ ከተስፋው በላይ ይጠቅማል። ኩርኩሚን እንዲመጠጥ ተብሎ ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን ይጨመርበታል፤ 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ጋር ሲሰጥ በደም ውስጥ ያለው በ20 እጥፍ ማደጉ በ1998 ታይቷል። ፒፐሪኑ ይህን የሚያደርገው የጉበትንና የአንጀትን ማስወገጃ በማፈን ነው፤ አፈናውም ኩርኩሚንን ብቻ አይለይም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን አብረው ከፍ ይላሉ። የፌኒቶይን ብዛት የሚያሳየው ምልክት መንገዳገድ፣ የዓይን መርገብገብና ድብታ ነው። የአንጎል ዕጢ ያለበት ሰው እንዲህ ሲሆን ሁሉም የሚያስበው ዕጢው አድጓል ብሎ ነው። ኤምአርአይ ከማዘዝ ጎን ለጎን የመድኃኒቱን የደም መጠን መለካትና «ምን ዓይነት ካፕሱል ጀመርክ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በተቃራኒው ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ዕፅ ማስወገጃውን ያፋጥናል። በ2002 በወጣ ጥናት አይሪኖቴካን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ሰውነት ከአይሪኖቴካን የሚሠራውን ኤስኤን-38 የተባለውን ዋና ንቁ ውህድ በ42 በመቶ ቀነሰው። ኬሞቴራፒውን በግማሽ ሊቀንሱት ምንም አልቀራቸውም ማለት ነው፤ ያውም ሳይታወቃቸው። የአረንጓዴ ሻይ ኢጂሲጂ ደግሞ ቦርቴዞሚብ ከተባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር በቀጥታ ተጣብቆ ሥራውን እንደሚያግድ በ2009 በግሊዮብላስቶማ ሴሎች ላይ ጭምር ታይቷል። በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ የያዙ ካፕሱሎች የጉበት ኢንዛይምን ከፍ ያደርጋሉ፤ የእርድ ካፕሱሎችም ጉበት የጎዱባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። ቴሞዞሎሚድም ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ኢንዛይሙ ሲያሻቅብ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መለየት ያቅታል፤ የሚቋረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቴሞዞሎሚዱ ነው።

ቴሞዞሎሚድ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው፤ ምግብ በደም ውስጥ የሚደርስበትን ጣሪያ በ32 በመቶ ይቀንሰዋል፣ ማስመለስንም ይጨምራል። ከዕፅ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ማወራረድ አይመከርም። ደም የሚያረጋውን ፕላትሌትንም ስለሚያወርድ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጊንኮ በካፕሱል መጠን ሲጨመሩበት የመድማት ስጋት ይከተላል። ቀዶ ሕክምና የታቀደለት ሰው እነዚህን ሁሉ ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ያቆማል፤ አንጎል ውስጥ ለሚፈስ ደም ቦታ የለውም። ወደ ሐኪም ሲኬድ ጠርሙሱን ራሱን መያዝ ነው የሚሻለው፤ «የእርድ ካፕሱል» ከሚል ቃል ይልቅ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ፒፐሪን እንዳለበት፣ በአንድ ካፕሱል ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ይናገራል። መቼ እንደተጀመረም ከጎኑ ይጻፍ፤ የደም ምርመራው ላይ ያለው ለውጥ ከየትኛው ቀን እንደሚነሳ የሚታየው በዚያ ነው።

ሙከራ ውስጥ ለመግባት የሚያስብ ሰው ደግሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። መድኃኒቱ በሰው ዕጢ ውስጥ፣ በተለይ በማያበራው ዳርቻ፣ ተለክቷል ወይ? የተለካው ጠቅላላው ነው ወይስ ከፕሮቲን ጋር ያልታሰረው ነፃው? አወዳዳሪ ቡድንስ አለው ወይ? ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን ሰጥተው የወጣውን ሥጋ የሚለኩ ትንንሽ ሙከራዎች አሁን እየበዙ ነው፤ ውህዱ ዳርቻው ላይ ካልተገኘ ሥራው እዚያ ላይ ይቆማል እንጂ ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ አይሻገርም። እንዲህ ባሉት ሙከራዎች ለመግባት የሚወሰዱት ካፕሱሎች ሁሉ አስቀድመው መታወቅ አለባቸው፤ ብዙዎቹ ፕሮቶኮሎች የጉበትን ማስወገጃ የሚያፍኑና የሚያፋጥኑ ነገሮችን አስቁመው ከሰውነት እስኪወጡ ጠብቀው ነው የመጀመሪያውን መጠን የሚሰጡት።